የፉል ፍሬም ሌንስ በክሮፕ ካሜራ ላይ፦ 24-70ውን ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?

የጠያቂዋ መልእክት ይህ ነው፦ «ሰላም ጋሼ። ሐዋሳ ነው የምሠራው። ሰርግ፣ ልደትና ምርቃት አነሳለሁ። ያለኝ ካኖን 80ዲ ከነ18-55 ኪት ሌንሱ ነው። ለአንድ ጥሩ ሌንስ የሚሆን ብር አጠራቅሜያለሁ። አንድ የማውቀው ሰው ያገለገለ ካኖን 24-70 ኤፍ 2.8 ኤል ሊሸጥልኝ ነው። ጓደኞቼ ግን ግራ አጋቡኝ። አንዱ የፉል ፍሬም ሌንስ ክሮፕ ካሜራ ላይ ሲገባ ቁጥሩ በ1.6 ይባዛል፣ ኤፍ 2.8ቱም ኤፍ 4.5 ይሆናል ይላል። ሌላው ካሜራሽን ያበላሽብሻል አለኝ። ሦስተኛው ደግሞ ዝም ብለሽ ግዢ፣ ነገ ፉል ፍሬም ስትገዢ ይጠቅምሻል ይለኛል። የቱን ልስማ? ከገዛሁስ 18-55ቱን ልሽጠው?»

አትግዢው። ቢያንስ አሁን፣ ለዚህ ካሜራና ለዚህ ሥራ አትግዢው። ምክንያቱ ግን ጓደኞችሽ የነገሩሽ አይደለም። ከነገሩሽ ውስጥ አንዱ ስህተት ነው፣ የቀረው ግማሽ እውነት ነው። ሰውን ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው ደግሞ ግማሽ እውነቱ ነው። መጀመሪያ እሱን እናጥራ። ለአዲስ አንባቢ ግን ቃላቱን ልንገር፦ ፉል ፍሬም ትልቅ ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ያለው ካሜራ ነው፤ ክሮፕ ደግሞ ትንሽ ሴንሰር ያለው። 24-70 የሚለው ቁጥር የሌንሱ ሚሊ ነው፤ ሲያንስ ሰፋ ያለ ቦታ ይይዛል፣ ሲበዛ ያቀርባል። የኤፍ ቁጥር ሲያንስ የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል፣ ብዙ ብርሃን ይገባል። ኪት ሌንስ ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው ነው።

ካሜራው ይበላሻል ከሚለው ልጀምር፣ አጭር ስለሆነ። አይበላሽም። 80ዲ ሌንስ የሚገባበት ቀለበት ላይ ሁለት ምልክት አለ፤ ቀይ ነጥብና ነጭ ካሬ። ቀዩ ለፉል ፍሬም ለተሠሩት የኢኤፍ ሌንሶች ነው። ነጩ ለክሮፕ ብቻ ለተሠሩት የኢኤፍ-ኤስ ሌንሶች ነው። ካኖን ራሱ ሁለቱንም እንድታስገቢ ብሎ ነው የሠራው። 24-70ው ቀይ ነጥብ አለው። ከቀዩ ጋር ገጥመሽ ታዞሪዋለሽ፣ አለቀ። ፎከሱም አፐርቸሩም (ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ) በሙሉ ይሠራል።

የሚከለከለው ተቃራኒው ነው። የኢኤፍ-ኤስ ሌንስ እንደ 6ዲ ባለ የካኖን ፉል ፍሬም ዲኤስኤልአር ላይ አይገባም። የሌንሱ የኋላ መስታወት ወደ ካሜራው ውስጥ ጠልቆ ስለሚገባ የፉል ፍሬሙ ትልቅ ሚረር (ምስሉን ወደ ዓይን የሚመልሰው መስታወት) ሲነሳ ሊመታው ይችላል። ስለዚህ ካኖን ጭራሽ እንዳይገጥም አድርጎታል። አልገባ ያለ ሌንስ በጉልበት አይገፋም።

አሁን ወደ 1.6። «50 ሚሊ ክሮፕ ላይ 80 ይሆናል» የሚለው አባባል የሁሉም አፍ ላይ አለ። አይሆንም። 50 ሚሊ ሁልጊዜም 50 ሚሊ ነው። ቁጥሩ የሌንሱ የራሱ ባህርይ ነው፤ ከጀርባው ምን ዓይነት ካሜራ እንደተገጠመ አይመለከተውም። የሚለየው ካሜራው ከምስሉ ምን ያህሉን እንደሚወስድ ነው።

እንዲህ አስቢው። ሌንስ ወደ ኋላ የሚጥለው ምስል ክብ ነው፣ ልክ እንደ እንጀራ። የፉል ፍሬም ሴንሰር ከእንጀራው መሃል 36 በ24 ሚሊ ሜትር የሆነ ቁራጭ ይወስዳል። ይህ መጠን ከድሮው ፊልም የተወረሰ ነው። ያንቺ 80ዲ ደግሞ ከዚያው መሃል 22 በ15 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነውን ብቻ ይወስዳል። እንጀራው አልተለወጠም። ዓይኑም አልሰፋም። ዳር ዳሩ ቀረ እንጂ። ያንን ትንሽ ቁራጭ አልበም ላይ ከትልቁ እኩል አድርገሽ ስታትሚው ግን ሁሉም ነገር የቀረበ ይመስላል። የትልቁን ወርድ 36ን ለትንሹ ወርድ 22.3 ስታካፍዪው 1.6 ይመጣል። ቁጥሩ ከዚህ ነው የተገኘው። ኒኮንና ሶኒ ላይ የክሮፕ ሴንሰሩ ትንሽ ሰፋ ስለሚል 1.5 ይባላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የሚባዛው የፉል ፍሬም ሌንስ ብቻ ይመስለዋል። ያንቺ 18-55ም እኮ ይባዛል! ለክሮፕ የተሠራ ቢሆንም ካኖን አባዝቶ የጻፈው ቁጥር አይደለም። ላዩ ላይ ያለው እውነተኛ ሚሊው ነው። ኪት ሌንስሽን 24 ላይ አድርጊና አንድ ፎቶ አንሺ። ከዚያ 24-70ውን ለአምስት ደቂቃ ተውሰሽ፣ እዚያው ቦታ ቆመሽ፣ እሱንም 24 ላይ አድርገሽ ሌላ አንሺ። ሁለቱ ፎቶዎች የሚይዙት ስፋት አንድ ነው። ይህን ለተማሪዎች ሳሳይ ሁልጊዜ አንድ ሰው ተነስቶ ሌንሶቹን በራሱ እጅ ቀያይሮ ደግሞ ያያል። አያምንም። ማመን የለበትም፣ ማየት ነው ያለበት።

ስለዚህ 80ዲ ላይ እስካለሽ ድረስ 1.6 የሚባለውን ቁጥር ልትረሺው ትችያለሽ። 18 ምን ያህል እንደሚያሰፋልሽ፣ 55 ምን ያህል እንደሚያቀርብልሽ እጅሽ ያውቀዋል። በዚያ ልክ ስታዪው 24-70 ማለት ላንቺ ምንድነው? ከ24 በታች ያለው ስፋት ሁሉ የተወሰደበት፣ ከ55 በላይ ትንሽ ቅርበት የተጨመረበት ሌንስ ነው። ፉል ፍሬም ላይ የሰርግ አንሺ የመጀመሪያ ምርጫ የሚሆነው 24 እዚያ ሰፊ ስለሆነ ነው። ክሮፕ ላይ ግን 24 ሰፊ አይደለም።

ሰርግ ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ በሜትር ልንገርሽ። 3 ሜትር ርቀሽ በ24 ሚሊ ስታነሺ 80ዲ ላይ የሚገባልሽ ወርድ 2.8 ሜትር ገደማ ነው። ፉል ፍሬም ላይ በዚያው ሌንስ 4.5 ሜትር ይገባል። 80ዲ ላይ በ17 ሚሊ ደግሞ 3.9 ሜትር። ባለ ሦስት ሰው ሶፋ 2 ሜትር ገደማ ይሆናል። ሽማግሌዎች ሲቀመጡ ግን ሶፋው ብቻውን አይደለም። ግራና ቀኝ ወንበር ይጨመራል፣ ከጎን ሰው ይቆማል። 2.8 ሜትር ያንን ሁሉ አይችለውም። 3.9 ይችለዋል።

«ወደ ኋላ እላለኋ» ትይኝ ይሆናል። 3.9 ሜትሩን በ24 ለመያዝ 4.2 ሜትር መራቅ አለብሽ። ትርፍ 1.2 ሜትር ማለት ነው። ሰው በሞላው የሙሽሪት ቤት ሳሎን ውስጥ ያ 1.2 ሜትር የለም።

ይህን ከራሴ ነው የምነግርሽ። ከዓመታት በፊት ክሮፕ ካሜራ እያለኝ 24-105 ገዛሁ። ሌንሱ ራሱ አንድም እንከን አልነበረውም። በዚያው ሳምንት ጥሎሽ ነበረኝ። ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ ወደ ኋላ ስል ስል ጀርባዬ ቡፌው ላይ ደረሰ። ውስጡ ያሉት ብርጭቆዎች ሲንቀጫቀጩ ይሰማኛል። ከዚያ በኋላ ግድግዳ ነው። ሶፋው ጫፍ ላይ የተቀመጡት የሙሽሪት አያት ነበሩ። ፎቶው ውስጥ የገባው የነጠላቸው ጥለትና ግማሽ ፊታቸው ብቻ ነው። ቤተሰቡ አልበሙን ሲከፍት መጀመሪያ የጠየቀኝ የእሳቸውን ፎቶ ነበር። 18-55 ሌንሴ ያን ቀን ቤት ነበር፤ አዲስ ሌንስ ስለገዛሁ ምን ያደርግልኛል ብዬ ትቼው ነው የሄድኩት።

አንቺ ግን በእኔ ታሪክ ብቻ አትወስኚ። የራስሽ መረጃ አለሽ። እያንዳንዱ ፎቶ ፋይል ውስጥ በስንት ሚሊ እንደተነሳ ተመዝግቦ ተቀምጧል። ላይትሩም የሚባለውን የፎቶ ፕሮግራም የምትጠቀሚ ከሆነ በሚሊ አጣርቶ ያሳይሻል። ካልሆነም ኮምፒውተር ላይ የፋይሉን ፕሮፐርቲስ ብትከፍቺ ታገኚዋለሽ። የመጨረሻዎቹን ሦስት ሰርጎችሽን ያዢና ከ18 እስከ 23 ባለው የተነሱትን ቁጠሪ። ያ ቁጥር 24-70ው የሚያስቀርብሽ ፎቶ ነው። ሌላም መንገድ አለ። የ18-55ቱ ዙም ላይ፣ 24 የሚለው ጋ፣ ትንሽ ፕላስተር ለጥፊና በሚቀጥለው ልደት ከዚያ በታች ላለመውረድ ሞክሪ። ኬክ ሲቆረጥ፣ ልጆቹ ሁሉ ጠረጴዛውን ከበው ሲገፋፉ፣ መልሱን ታገኚዋለሽ።

ኤፍ 2.8ቱ ኤፍ 4.5 ይሆናል የሚለው ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አንድ ላይ ተቦክተዋል። አንዱ ብርሃን ነው፣ ሌላው ብለር (የጀርባው መደብዘዝ) ነው።

ብርሃኑ አይለወጥም። ኤፍ 2.8 በማንኛውም ካሜራ ላይ የኤፍ 2.8 ኤክስፖዠር ይሰጣል። አንድ አዳራሽ ውስጥ ፉል ፍሬም የያዘው ሰው በኤፍ 2.8፣ በ1/125 ሰከንድና በአይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ባለው ስሜት) 1600 ቢያነሳ፣ አንቺም በዚያው ልክ ስታነሺ ፎቶሽ እኩል ይበራል። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ዝናብ ሲዘንብ በትልቁም በትንሹም ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርደው እኩል ነው፤ በርሜል ውስጥ የሚጠራቀመው ግን ከትልቁ ጣሪያ ይበልጣል። የፉል ፍሬም ሴንሰር ስፋቱ ካንቺው 2.5 እጥፍ በላይ ነው። በጠቅላላው ብዙ ብርሃን ስለሚሰበስብ ጨለማ ውስጥ ፎቶው ጠጠር ጠጠር የሚለው በትንሹ ነው። ይህ የሴንሰሩ ጉዳይ ነው። ሌንስ በመቀየር አታመጪውም፣ አታጪውምም።

ብለሩ ላይ ግን ጓደኛሽ እውነት አለው። ሙሽሪትን ከወገብ በላይ በአንድ ዓይነት ልክ ለመያዝ፣ በተመሳሳይ ሌንስ አንቺ ፉል ፍሬም ከያዘው ሰው 1.6 እጥፍ መራቅ አለብሽ። ስትርቂ የጀርባው ብለር ይቀንሳል። ስለዚህ ያንቺ ኤፍ 2.8 ፉል ፍሬም ላይ ኤፍ 4.5 አካባቢ ከሚሰጠው ብለር ጋር ይቀራረባል። ግን ይህም 24-70ው ላይ ብቻ የሚደርስ ቅጣት አይደለም። 80ዲ ላይ የሚገባ ማንኛውም ሌንስ እንዲሁ ነው። እዚህ ላይ ደግሞ ጥቅም አለው። ሰባት ሰው በሁለት ረድፍ ቆሞ በኤፍ 2.8 ስታነሺ የኋለኛው ረድፍ ፎከስ ውስጥ የመቆየት ዕድሉ ካንቺ ጋር ይሻላል።

ከሻጮች የምትሰሚው ሌላ ነገርም አለ። «የፉል ፍሬም ሌንስ ክሮፕ ላይ መሃሉን ብቻ ስለሚጠቀም ይበልጥ ጥርት ይላል» ይሉሻል። ዳር ላይ ያለው ጥቁረትና ልስላሴ መቀነሱ እውነት ነው፤ ዳሩ ተቆርጧል። መሃሉ ግን ይበልጥ ይፈተናል። 80ዲ 24 ሜጋፒክስሉን የጨመቀው በትንሽ ቦታ ላይ ነው። በዚያው ጥግግት ፉል ፍሬም ቢሠራ 60 ሜጋፒክስል ያልፍ ነበር። የመጀመሪያው 24-70 ኤፍ 2.8 ኤል በ2002 የወጣ ነው፤ ያን ጊዜ ብዙ ባለሙያ ገና ፊልም ላይ ነበር። ሁለተኛው በ2012 የወጣው በጣም የተሻለ ነው፣ ዋጋውም እንደዚያው። የሚሸጥልሽ የትኛው እንደሆነ አልነገርሽኝም። ስሙ ላይ የሮማ ቁጥር ሁለት ከሌለው የመጀመሪያው ነው። እሱ 950 ግራም ይመዝናል። ከጠዋቱ የሙሽሪት ቤት እስከ ማታው አዳራሽ አንገትሽ ላይ ይውላል። ሁለቱም ደግሞ የእጅ መንቀጥቀጥ መቆጣጠሪያ የላቸውም።

ታዲያ ምን ትግዢ? ካኖን ኢኤፍ-ኤስ 17-55 ኤፍ 2.8 አይኤስ። ይህ ሌንስ በ2006 የወጣው ልክ ላንቺ ዓይነት ካሜራ ነው። 24-70 ፉል ፍሬም ላይ የሚሠራውን ሥራ እሱ ክሮፕ ላይ ይሠራዋል። ከዳር እስከ ዳር ኤፍ 2.8 ነው። የእጅ መንቀጥቀጥ መቆጣጠሪያ አለው። 645 ግራም ነው። ኪት ሌንስሽ 55 ላይ ሲደርስ ቀዳዳው ኤፍ 5.6 ነው። 17-55ቱ እዚያው ላይ አራት እጥፍ ብርሃን ያስገባል። አዳራሽ ውስጥ አይኤስኦ 6400 ያስገደደሽ ፎቶ በ1600 ይነሳል ማለት ነው። ይህን ልዩነት ደንበኛሽም ታየዋለች፣ ስም ባታወጣለትም።

ያገለገለ 17-55 ካጣሽ ወይም ብሩ ካልበቃ ሲግማ 17-50 ኤፍ 2.8 አለ። ፎከሱ እንደ ካኖኑ ፈጣን አይደለም፣ ሥራውን ግን ይሠራል። እሱም መቆጣጠሪያ አለው።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። መንቀጥቀጥ መቆጣጠሪያው ያንቺን እጅ እንጂ የሰውን እንቅስቃሴ አያቆምም። እስክስታ የሚወርድ ትከሻ በ1/30 ሰከንድ ሁልጊዜ ይደበዝዛል፣ ሌንሱ ምንም ይሁን ምን። ለጭፈራ 1/250 አካባቢ ሂጂ። ለቆመ ሰው ደግሞ መቆጣጠሪያ በሌለው ሌንስ ስታነሺ ሚሊውን በ1.6 አባዢና ከዚያ አትውረጂ። በ50 ሚሊ ከ1/80 ሰከንድ በታች ባትሄጂ ጥሩ ነው። ቁጥሩን እርሺው ያልኩሽ 1.6 የሚያስፈልግሽ አንድ ቦታ ይህ ነው።

ይህን ሁሉ ስል የፉል ፍሬም ሌንስ ክሮፕ ላይ አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። በጣም ይጠቅማል፣ ሰፊ ሲሆን አይደለም እንጂ። ሰፊ ሌንስ ላይ ለክሮፕ የተሠራው ያሸንፋል፤ ከሴንሰሩ ቀርቦ ስለሚቀመጥ አነስ ብሎ፣ ረከስ ብሎ ሊሠራ ይችላል። ረጅም ሌንስ ላይ ግን ያ ጥቅም ይጠፋል።

ለምሳሌ 50 ሚሊ ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም። በ2015 የወጣ፣ 160 ግራም የምትመዝን፣ ለፉል ፍሬም የተሠራች ሌንስ ናት። 80ዲ ላይ ድንቅ የፖርትሬት ሌንስ ትሆናለች። ሙሽሪትን ከወገብ በላይ ለመያዝ ትንሽ ራቅ ትያለሽ፤ መራቅሽ ደግሞ ፊትን ያሳምራል። አፍንጫን የሚያተልቀው መቅረብ ነው። ሰው «85 ሚሊ ፊት ያሳምራል» የሚለው 85ን ይዞ ስለሚርቅ ነው፤ ከዚያው ቦታ በ50 አንስተሽ ብትቆርጪው ፊቱ ያው ነው። ከብሩ ላይ ትንሽ ቀንሰሽ ይህችን ጨምሪ። ምርቃት ላይ፣ ተመራቂው ጋውኑን ለብሶ ዛፍ ሥር ሲቆም፣ ብዙውን ጊዜ ከካሜራሽ አትወርድም።

ረጅሞቹም እንዲሁ ናቸው። 70-200 ወይም 70-300 ክሮፕ ላይ ስትገጥሚ ከሩቅ ያለውን ይበልጥ ሞልተሽ ትይዣለሽ። አንቺ ያለሽበት ከተማ ደግሞ ለዚህ የታደለ ነው። አሞራ ገደል ሄደሽ ዓሣ ሲበለት አባ ኮዳዎቹን በ70-300 አንሺ። የ300 ሚሊውን ጫፍ ፉል ፍሬም ላይ ለማግኘት 480 ሚሊ ሌንስ ያስፈልግ ነበር። የወፍ አንሺዎች ክሮፕ ካሜራ የሚመርጡት አለምክንያት አይደለም።

«ለወደፊት ይጠቅምሻል» ወደሚለው ልምጣ፤ ከሦስቱ ምክሮች አደገኛው እሱ ነው። ጥሩ ምክር ይመስላላ። ፉል ፍሬም የምትገዢበት ብር በእጅሽ ካለ፣ ወይም በዚህ ዓመት ውስጥ እንደምትገዢ በትክክል የምታውቂ ከሆነ፣ መልሴ ይገለበጣል። 24-70ውን ግዢ፤ ጠባቡን ቦታ ለጊዜው በ18-55ቱ ትወጪዋለሽ። አንድ ቀን፣ እግዚአብሔር ሲል፣ ከሆነ ግን አይሆንም። የዛሬው ሰርግ የሚነሳው ዛሬ በእጅሽ ባለው ካሜራ ነው። የሌለሽን ካሜራ እያሰብሽ ሌንስ ስትገዢ የዛሬ ደንበኞችሽ ናቸው የሚከፍሉት። እንጀራሽ ከእነሱ ነው።

ደግሞም ያ ቀን ሲመጣ የምትገዢው ሚረርለስ፣ ማለትም ውስጡ ሚረር የሌለው ካሜራ፣ ሊሆን ይችላል። እንደ አር8 ያለ የካኖን ፉል ፍሬም ሚረርለስ ላይ የድሮ ሌንሶችሽ በአዳፕተር ይገባሉ። የካኖን መደበኛ አዳፕተር ውስጡ መስታወት ስለሌለው ጥራት አይቀንስም። 17-55ቱም ይገባል፤ ካሜራው ራሱ አውቆ መሃሉን ይቆርጣል። ግን 24 ሜጋፒክስሉ ወደ 9 ገደማ ይወርዳል። ለትንሽ ህትመት ይበቃል፣ ለትልቅ አልበም ያንሳል። ስለዚህ ያን ጊዜ 17-55ቱን ትሸጪውና 24-70 ትገዢበታለሽ። ያገለገለ ሌንስ በደህና ከያዝሽው የገዛሽበትን ዋጋ ብዙ አይጥልም። ስፒድ ቡስተር የሚባለውን አዳፕተር ሰምተሽ ከሆነ ደግሞ እርሺው፤ ለሚረርለስ ነው የተሠራው፣ 80ዲ ላይ አይገባም።

ያገለገለ ስትገዢ እነዚህን ሳታዪ ብር አትስጪ። ሌንሱን ከካሜራው አውጪና የስልክሽን ባትሪ ከኋላ አብሪበት፣ በፊት በኩል ደግሞ ዘንበል እያደረግሽ እዪ። አቧራ ታያለሽ፣ አትደንግጪ። 17-55 አቧራ ወደ ውስጥ በማስገባት ይታወቃል፤ ጥቂት አቧራ ፎቶ ላይ አይታይም። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ቀጭን ክር ካየሽ ግን እሱ ሻጋታ ነው። ተይው። በየትኛውም ዋጋ አትግዢው። እየተስፋፋ ይሄዳል፣ የመስታወቱን ሽፋን ይበላል፣ ማጽዳቱም ከባድ ነው። ሐይቅ አጠገብ ስለምትኖሪ ይህ ላንቺ ከሌላው በላይ ያሳስበኛል። ሌንሶችሽን በሚገጠም ፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ፣ ከጫማ ካርቶን ውስጥ የምታገኚያትን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ብዛት አድርገሽ አስቀምጪ። የቆዳ ቦርሳ ውስጥ ዘግቶ ወራት ማቆየት ሻጋታን መጋበዝ ነው።

ከዚያ ካሜራሽ ላይ ግጠሚውና በኤፍ 8 በሁሉም ዙም ላይ አንሺበት። በኤፍ 2.8 ብቻ ሞክሮ መግዛት ስህተት ነው፤ በሰፊው ሲከፈት የአፐርቸሩ ቢላዎች አይንቀሳቀሱም፣ ችግር ቢኖርባቸውም አይታይም። በኤፍ 8 ስታነሺ ካሜራው ስህተት 01 ብሎ ከቆመ የሌንሱና የካሜራው ግንኙነት ችግር አለበት። በመጨረሻ የአንድን ሰው ዓይን በኤፍ 2.8 አንዴ በቪውፋይንደር (በዓይን በምታዪበት ቀዳዳ)፣ አንዴ በላይቭ ቪው (በስክሪኑ) አንሺና አስፍተሽ አወዳድሪ። የላይቭ ቪው ጥርት ብሎ የቪውፋይንደሩ ከደበዘዘ ፎከሱ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይስታል። 80ዲ ሜኑ ውስጥ ይህን ለየሌንሱ ማስተካከያ አለው፤ እንደ 700ዲ ያሉት ግን የላቸውም። ትንሽ ከሆነ ይስተካከላል፣ ብዙ ከሆነ ለሻጩ መልሺለት።

ይህን የሚያነቡ የኒኮን ባለቤቶች አንድ የተለየ ጥንቃቄ አለባቸው። እንደ ዲ3500 እና ዲ5600 ያሉት ካሜራዎች ውስጣቸው የፎከስ ሞተር የላቸውም። የቆየው 50 ሚሊ ኤፍ 1.8 ዲ ይገባል፣ በእጅ ካልሆነ ግን ፎከስ አያደርግም። ኤኤፍ-ኤስ የሚለውን ፈልጉ። ሲግማ ላይ ዲጂ ማለት ለፉል ፍሬም፣ ዲሲ ማለት ለክሮፕ ነው። ታምሮን ላይ ዲአይ ለፉል ፍሬም፣ ዲአይ ሁለት ለክሮፕ። ሶኒ ላይ ኤፍኢ ለፉል ፍሬም፣ ኢ ብቻ ከሆነ ለክሮፕ።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ 17-55ቱን ግዢ። ከተረፈሽ 50 ሚሊዋን ጨምሪ። ከዚያ በኋላ ብር ስታገኚ ሌላ ሌንስ ሳይሆን ጥሩ ፍላሽ ግዢ። ነጭ ኮርኒስ ያለው ሳሎን ውስጥ ወደ ላይ የተተኮሰ ፍላሽ በሴንሰር መጠን የመጣውን ልዩነት አብዛኛውን ያጠፋዋል።

18-55ቱን አትሽጪው። የሚያወጣው ብር ያን ያህል አይደለም። ዋናው ሌንስ መሃል ሰርግ ላይ ቢወድቅብሽ ቦርሳሽ ውስጥ እሱ ይኑርልሽ፤ ሙሽሮቹ ነገ ተመልሰው አይጋቡልሽም።